በር ሳይንኳኳ የተነፋው ጡሩምባ

ባሌ ማስረሻ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ቀን ቀን መርካቶ እህል በረንዳ ጆንያ ይሰፋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ይዞ ይወጣና ከእህል በረንዳ መታጠፊያ ጀምሮ እስከ ሰባተኛ እየዞረ ይለፍፋል። እድሩ የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፤ የማይደርስበት በር የለም። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ይፈራዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ «ጋሽ ማስረሻ፣ እኛ በር እንዳትደርስ አደራ!» ይሉታል እየሳቁ። እሱም ቅንድቡ ላይ የተኛውን የጤፍ ብናኝ እየጠረገ፣ «ስምህን ገና አልሰጡኝም፤ ሂድ ሥራህን ሥራ» ይላቸዋል።

ሚስቱ ስለሆንኩ እነሱ የማያውቁትን አንድ ነገር አውቃለሁ። ያ ጡሩምባ ከግድግዳው የሚወርደው በራችን ሲንኳኳ ብቻ ነው። የሟች ዘመድ ወይም የእድሩ ዳኛ ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ የሟቹን ስም ይናገራል፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ይናገራል። ማስረሻ አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ይወጣል። ስም ሳይቀበል ወጥቶ አያውቅም። እኔም በሩ ሲንኳኳ ተነሥቼ አዳምጣለሁ፤ ስሙ ሲነገርና የእኛ ሰው አለመሆኑን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።

በ2006 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። ሳዑዲ የእኛን ሰዎች ማባረር የጀመረችበት ወር ነው። ትልቋ ልጃችን አስናቀች ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል፣ «እማዬ፣ ሰፈሩን ከበውታል፤ ቆልፈን ተቀምጠናል» አለችኝ። ከኋላዋ የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ በደወልን ቁጥር የምትመልስልን አንዲት አረብኛ የምትናገር ሴት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ምን እንደምትል ስለማላውቅ፣ ብትረዳኝስ፣ መርዶ እየነገረችኝ ቢሆንስ እያልኩ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ሳላነሳ እስከ መጨረሻው እሰማት ነበር።

ትንሿ ልጄ ሠርኬ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ናት። የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ በየሰፈራችሁ ካለው ማኅበር አንዱን መርጣችሁ ቪዲዮ ሥሩ ብሎ አዘዛቸው። ከሠርኬ ጋር የተመደበችው ሱሀይር ነበረች፤ አባቷ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ እሷም ተች ስልክ አላት። ሁለቱ ተመካክረው እድርን መረጡ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደወጡ መጥተው ማስረሻን ከበቡት።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይንፉልን። ወላሂ አንዴ!» አለች ሱሀይር።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«እንግዲያ ምን ብዬ ልንፋ?»

«ዝም ብለው ድምፁን ብቻ።»

«ዝም ተብሎ አይነፋም፣ ልጄ። የመኪና ክላክስ መሰለሽ እንዴ?»

«ክላክስማ አባቴ ሱቅ ሞልቷል፣ ጋሼ። እሱን ብቀርጽ አስተማሪው ዜሮ ነው የሚሰጠኝ።»

ሠርኬ ሳቀች፤ እሱም ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ግድግዳው ላይ አፉን ወደ ታች ደፍቶ የተሰቀለውን ጡሩምባ አየና፣ «ጡሩምባ ከተነፋ ስም ይፈልጋል» አለ። «ስም ካልሰጡት ራሱ ሄዶ ያመጣል። አባቴ ሲያስረክበኝ እንዲህ ብሎ ነው ያስረከበኝ። ወንበሩን ቅረጹ፣ ድንኳኑን ቅረጹ፣ ድስቱን ቅረጹ። ይህን ተዉት።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋዬ ቆመ። ስም ሲል አራታችንም ስለ ማን እንዳሰብን አራታችንም አውቀናል፤ ግን ማንም አላነሳትም። ሱሀይር እንኳ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። እኔ በልቤ፣ ጎሽ የእኔ ባል፣ አልኩት።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደመቀ መጣ። እህል ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ጋሪ የሚያስቆም ድምፅ አለው። ልጆቹ ሄደው ቃለ መጠይቅ አድርገውት ነበርና ከረባት አድርጓል።

«ማስረሻ! እድራችን በፊልም ሊወጣ ነው፣ አንተ ትግደረደራለህ አሉ!» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አልተግደረደርኩም፣ ጋሽ ደመቀ።»

«እስቲ ና ወደ ውጭ።»

ተከትሎት ወጣ። የሚነጋገሩት ስለ ቪዲዮው መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ግን ያ ጋሪ የሚያስቆም ድምፅ ጠፋ። ጋሽ ደመቀ ማንሾካሾክ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። በመስኮቱ አየኋቸው። ማስረሻ ራሱን ነቀነቀ፣ እምቢ ማለቱ ነው። ጋሽ ደመቀ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጨመረለት። ማስረሻ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ አየ። እያየኝ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እሺ እንደሚል ሰው አቀረቀረ። ጋሽ ደመቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

እኔ መርዶ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ቤቴ የመርዶ ቤት ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ቤተሰቡ አይደለም። ወሬው ወደ እድር ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ይንሾካሾካሉ። ለአንድ ሆደ ሰፊ ዘመድ ይነግሩታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ለእናትየው እንዳይነግር ያስምሉታል። ከዚያ ቀን ይመረጥና ንጋት ላይ ነጠላ ዘቅዝቀው ይመጣሉ። እናትየው ብቻ ናት የማታውቀው። እሷ በዚያ ሁሉ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ ትከርማለች።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ ይነግረኝ ጀመር። ከውጭ ስገባ ሠርኬና ሱሀይር ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሱሀይር ስልኳን ቶሎ ብላ ሂጃቧ ሥር ትከታለች። «ምን እያያችሁ ነው?» ስላቸው፣ «የቤት ሥራ ነው እማዬ» ትላለች ሠርኬ፣ ዓይኗን ሰብራ። የሱሀይር አክስት ሐጀራ ከሪያድ ተባርራ መጥታ ነበር፤ እዚያው ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋት።

«ሐጀራዬ፣ አስናቀችን የትም አላየሻትም? በመጠለያው? በአውሮፕላኑ?»

«ስንቱን አይቼ፣ እትዬ ሐመልማል» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላ የሻንጣዋን ዚፕ ትጎትት ጀመር። ሻንጣው ባዶ ነበር። ለምን ትዘጋዋለች? አላየኋትም አላለችኝም። ይህን እስከ ቤቴ ድረስ እያሰብኩ መጣሁ፤ አላየኋትም አላለችኝም።

ማታ ማስረሻን ያዝኩት። «የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«ምን እደብቅሻለሁ፣ ሐመል?»

«እኔን እያየህ ንገረኛ!»

አየኝ። ግን ያየኝ ከዓይኔ በላይ ግንባሬን ነው። ከዚያ ከእህል በረንዳ ያመጣው የብናኝ ሳል ያዘውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዓርብ ማታ ሠርኬ፣ «ሱሀይር ቤት ነው የማድረው፤ የቤት ሥራችንን ልንጨርስ» አለች። አባቷ ቶሎ ብሎ፣ «ትደር» አለ። እሱ ሴት ልጅ ውጭ ስታድር የሚወድ ሰው አልነበረም። ልጅቷን ከቤት እያወጧት ነው፣ ብዬ አሰብኩ። መርዶው ሲመጣ እንዳትኖር።

ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። እንዳይንኳኳ እየጸለይኩ አነጋሁት። በሩም አልተንኳኳም። የአንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ ማስረሻ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ። አፉን ተጉመጠመጠ። ውኃውን ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ ላይ ተፋው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረደው።

በር ሳይንኳኳ።

በዚያ አልጋ ላይ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ካልተንኳኳ ስም የሰጠው የለም። ስም ሳይቀበል አይወጣም። ስለዚህ ስሙን ቀድሞ ያውቀዋል። ስንት ቀን ይዞት ከርሟል? በመስኮት ካየኋቸው ቀን ጀምሮ ነው። ሞቷን በጉሮሮው ይዞ እኔ ያቀረብኩለትን እንጀራ ሲበላ ከርሟል።

 ጋቢው ሥር ጡሩምባውን ሸጉጦ ሲወጣ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኩት። አልጠራሁትም። ከጠራሁት ይነግረኛል። ስሟን እስካልጠራ ድረስ ልጄ በሕይወት አለች ብዬ በየግንቡ ጥግ እየተጠጋሁ ሄድኩ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። እህል በረንዳ የደረሱት መኪናዎች ሞተራቸውን አጥፍተዋል፤ ኩሊዎቹ ጆንያ ማውረድ ጀምረዋል። ማስረሻ ሁልጊዜ የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ቆመ። ሳለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ግራና ቀኝ አየ፤ እኔን አላየኝም፣ ከአንድ መኪና ጎማ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። 

ነፋ። እንደገና ነፋ። ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ከአልጋዬ ውስጥ ነው የሰማሁት። ከፊት ለፊት ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ኩሊዎቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆሙ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

«የእድር አባላት፣ ስሙ!» አለ። ትንፋሽ ሳበ። የሚጠራው ስም በአ ይጀምር እንደሆነ ከንፈሩን አየሁ።

«ማስረሻ ወልደሚካኤል አርፏል!»

የጮህኩት ያኔ ነው። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን የራሴ ጩኸት ሸፈነብኝ። ከመኪናው ወዲያ ማዶ ሠርኬና ሱሀይር ብቅ አሉ፤ ሱሀይር ስልኳን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ።

«እማዬ! እማዬ፣ የቤት ሥራ ነው! ውሸት ነው፣ ቪዲዮ ነው!» ሠርኬ ላዬ ላይ ወደቀች።

«አስናቀችስ?» አልኳት።

«አስናቀች ምን ሆነች?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

ማስረሻ ጡሩምባውን ጥሎ ሲሮጥ መጣ። አንዱ ኩሊ ጆንያውን አውርዶ፣ «ጋሽ ማስረሻ፣ ራስህን ለራስህ ታረዳለህ እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «ታዲያ ለንፍሮው ወዴት እንምጣ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ጋሽ ደመቀ በከረባቱ እየሮጠ ደረሰ፤ ለእሱ የተያዘለት ቦታ ከለፈፋው በኋላ ቆሞ ንግግር የሚያደርግበት ነበር።

«አንተ ሰውዬ! የሌለ ሰው ስም ፈጥረህ ጥራ አላልኩህም?»

«የሌለ ስም ከየት ላምጣ፣ ጋሽ ደመቀ?» አለ ማስረሻ እኔን እያነሣኝ። «መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ስም አለ? የፈጠርኩት ሰው ላይ ቢያርፍስ?»

«ታዲያ ድምፁን ብቻ ነፍተህ ዝም አትልም ነበር?»

ማስረሻ ነጠላዬን አስተካክሎ አከናነበኝ። መልሱን እኔ አውቀው ነበር። ያለ ስም ቢነፋ ጡሩምባው ማንን ሊያመጣ እንደሚሄድ።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ። «ለምን ደበቃችሁኝ?» አልኳቸው።

«እንዳትፈሪ ብለን» አለ እሱ።

«አባዬ ነው እንዳትነግሯት ያለን» አለች ሠርኬ እያለቀሰች። «ጋሽ ደመቀም፣ እናትሽ በዚህ ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል ብትባል ትሞታለች፣ ሳትሰማ ቀርጻችሁ ጨርሱ አለን።»

ሳቅሁ። ልቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አቅቷቸው ሁሉም አዩኝ። ሱሀይር ብቻ፣ «እትዬ፣ ውኃ ላምጣልዎ?» አለች።

ልጄ አልተጠራችም። ይህ እፎይታ ግን እስከ ምሳ አልዘለቀም። ማስረሻ ሳለ፤ ያው የድሮው ሳል ነው፤ እኔ ግን ድስቱን ለቅቄ ሮጥኩ። ከዚያ በፊት የምፈራው ስልክና በር ነበር። አሁን በእሱ ደረት ውስጥ የሚንኳኳውንም እሰማ ጀመር።

የገና ጾም ሳይጋመስ ስልኩ ጮኸ። የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። «እማዬ፣ ቦሌ ነኝ» አለች። በአንድ ጥቁር አባያና በአንድ ፌስታል መጣች፤ የአባያው እጅጌ ከትከሻው ተቀድዷል። ማስረሻ በር ላይ ሲያያት አላቀፋትም መጀመሪያ። ዳሰሳት። ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ እጆቿን፣ እንደ ዓይነ ስውር። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዶ ጡሩምባውን አወረደና በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። «ለጋሽ ደመቀ ንገሩልኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልግ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አልነፋም።

ከፋሲካ በኋላ አረፈ። ሐኪሙ ሳንባው በእህል ብናኝ አልቋል፣ የብዙ ዘመን ነው አለን። ቀን ቀን ሐኪሙን አምነዋለሁ።

ጋሽ ደመቀ ያን ዕለት ጠዋት መጥቶ በሬን አንኳኳ። ከፈትኩለት። ስም ሊቀበል ነው የመጣው፤ አዲሱ ነፊ ከኋላው ቆሟል። ያ ትልቅ ድምፁ ጠፍቶበት፣ «ሐመልማል፣ ይነፋ?» አለኝ።

«በእሱ ስም አንዴ ተነፍቷል። ይበቃል» አልኩት።

ሳይነፋ ሰው ሞላ። ኩሊዎቹ ብናኛቸውን እንኳ ሳያራግፉ መጡ። ያ ስለ ንፍሮ የቀለደው ልጅ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ ንፍሮውን እጁ ላይ እንደያዘ ሳይበላ ዋለ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሱሀይር መጣች። አስናቀች ሱቅ ወጥታ ነበር። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ለአስተማሪው ስንሰጠው ከቪዲዮው የቆረጥነው አለ» አለች። «ሠርኬ፣ እማዬ እንዳታይ ብላኛለች። እኔ ግን የሳቸው ድምፅ ስለሆነ ማጥፋት ፈራሁ። ይዤው መቀመጥም ፈራሁ።»

«አምጪው።»

ስልኩን እጄ ላይ አደረገችው። ያ ግራጫ ብርሃን። ጆንያ የተሸከሙት ሰዎች። ጋቢው። ሁለት ጊዜ ነፋ። ስሙን ጠራ። የእኔ ጩኸት መጣ፤ እንደዚያ መጮሄን አላውቅም ነበር። ከጩኸቴ በታች ግን እሱ አላቆመም። ነፊ ስም ጠርቶ አያቆምም፤ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ሳይናገር አይሄድም። ዓይኑን ወደ መኪናዎቹ፣ ወደ ማንም ሳይሆን ወደ ላይ አድርጎ ወጉን ጨረሰ።

«ቀብሩ ልጁ አስናቀች አገሯ ስትገባ ነው!»

ከዚያ ሳለ። ከዚያ ዞሮ አየኝና ጡሩምባው ከእጁ ወደቀ።

ሱሀይር ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። «ቆይ፣ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ጡሩምባው መነፋት ሲጀምር የግቢው በር ተከፈተ። ስልኩን ቀሚሴ ሥር ከተትኩት፤ እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፤ እዚያው ጉልበቴ ላይ፣ በጨርቅ ውስጥ ታፍኖ ስሙን ጠራ።

አስናቀች ዳቦውን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«የአባዬ ድምፅ ነው» አለች።

 ሱሀይር እጇን ሰዳ ስልኩን ዘጋችው።

«የአባዬ ድምፅ ነው አይደል፣ እማዬ? ምን እያለ ነው?»

«እየጠራ ነው፣ ልጄ።»

«ማንን?»

ያን ሁሉ ቀን እኔ እንዳልፈራ ብለው እንዴት እንደደበቁኝ ያኔ ገባኝ። ዳቦውን ከእጇ ተቀበልኳት።

«አንቺን» አልኳት።